በሁዳዴ የተቀየረው ማግኔት

የአያ ጌጡን መሞት የሰማሁት ሙሽራ እየለካሁ ነው። ደባርቅ ውስጥ ቬሎ የማከራይባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ያን ዕለት አንዲት ቀጭን ልጅ መስታወት ፊት አቁሜ፣ የሰፋትን ቬሎ ወገቧ ላይ በስፒል እየሰበሰብሁ ሳለ ስልኬ ጮኸ። የባንዳችን ኪቦርድ ተጫዋች ሞላ ነው። «ስንዱ፣ አያ ጌጡ አረፈ» አለኝ። ስፒሎቹን በጥርሴ ይዣቸው ስለነበር መጮኽ እንኳ አልቻልሁም። አንድ በአንድ እያወጣሁ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኋቸው፤ ልጅቷን «እናቴ፣ ነገ ተመለሽልኝ» ብዬ ሸኘኋት፤ በሩን ዘጋሁና ቬሎዎቹ መሀል ተቀምጬ አለቀስሁ።

መታመሙን አውቅ ነበር። ጎንደር ሆስፒታል ሲመላለስ፣ ሲከሳ፣ ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ ሲበሳ አይቻለሁ። ግን አያ ጌጡ የሚሞት ሰው አይመስልም ነበር። ሁልጊዜ ከኋላ፣ ከስፒከሩ አጠገብ፣ ግድግዳ የሚመስል ሰው ነው። ግድግዳ ደግሞ ይሞታል ብሎ የሚያስብ የለም።

የባንዳችን ባስ ጊታር ተጫዋች ነበር። ከደባርቅ እስከ ዳባት በየሰርጉ አብረን ዞረናል፤ እኔ እዘፍናለሁ፣ ሞላ ኪቦርዱን ይዟል፣ አያ ጌጡ ባሱን። ሰው ሁሉ እኔን ያውቀኛል፤ መንገድ ላይ ልጆች ስሜን እየጠሩ ይከተሉኛል። እሱን «ያ ከኋላ የሚቆመው ሰውዬ» ይሉት ነበር። አንድ ጊዜ ደባርቅ ውስጥ አንድ የጠገበ ሚዜ ጠጋ ብሎ፣ «አባቴ፣ አንተ ምን ትሠራለህ? ዝም ብለህ ነው እኮ የቆምህ!» አለው። አያ ጌጡ አልተቆጣም። ፈገግ ብሎ እጁን ከክሮቹ ላይ አነሣ። እኔ እየዘፈንሁ ነው፣ ሞላም እየተጫወተ ነው፤ ዳሱ ውስጥ ያለው ጭፈራ ግን ወዲያው ተበላሸ። አንዱ ትከሻውን ቀድሞ ይጥላል፣ ሌላው ዘግይቶ ይመጣል፤ ያ ሚዜ ራሱ እግሩን አንሥቶ የት እንደሚያሳርፈው ጠፋው። አያ ጌጡ እጁን መለሰና፣ «ይኸን ነው የምሠራ» አለው።

ሲጫወት የግራ ጫማውን ያወልቃል። ደባርቅን የሚያውቅ ሰው ይኼ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ ጉሙ ከሊማሊሞ በኩል ሲወጣ ሁለት ካልሲ ደርቦ እንኳ ሰው ይንቀጠቀጣል። እሱ ግን ጫማውን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ በካልሲው መሬቱን ይረግጣል። የካልሲው ጫፍ ሁልጊዜ ቀዳዳ ነው፤ አውራ ጣቱ ብቅ ብሎ ከኛ ጋር ይዘፍናል። «አያ ጌጡ፣ ምነው በሙሽራ ፊት ጣትህን ባታሳየን!» ብዬ ስንቴ አሹፌበታለሁ። «በጆሮዬ አንቺን እሰማለሁ። እኔን የምሰማኝ በእግሬ ነው» ይለኝ ነበር። ከስፒከሩ የሚወጣው የባሱ ድምፅ መሬት ለመሬት ሄዶ በውስጥ እግሩ ሲገባ፣ ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል። ያኔ ደስ ብሎታል ማለት ነው።

ደግሞ አንድ የሚያናድደኝ ልማድ ነበረው። እያንዳንዱ ዙር ሲያልቅ፣ የመጨረሻውን ምት ከመምታቱ በፊት ትንሽ ዝግ ይላል። ትንሽ ነው፤ ግን እኔ ትንፋሼን ይዤ እጠብቀዋለሁ። «ምን ይጎትትሃል? ቶሎ ዝጋውና ልቀጥል!» እለዋለሁ። «ከልጅነቴ ነው፣ ተይኝ» ይላል።

ልጅነቱ የቤተ ክርስቲያን ነው። አባቱ የኔታ ላቀው ዳባት ውስጥ የታወቁ መሪጌታ ናቸው። አያ ጌጡ ዜማውንም፣ አቋቋሙንም፣ ከበሮውንም ከሳቸው እግር ሥር ተቀምጦ ነው የተማረ፤ ከሌሎቹ ተማሪዎች ጋር ስለተማረም አባቱን «አባባ» ብሎ ጠርቷቸው አያውቅም፣ «የኔታ» ነው የሚላቸው። ከተማሪዎቹ ሁሉ ከበሮ ሲያነግት የሚያምርበት እሱ ነበር ይላሉ የሚያውቁት። ከዚያ የአውራጃው ኪነት ቡድን መጣ፤ ቡድኑ ውስጥ ደግሞ ባስ ጊታር ነበረ። አያ ጌጡ ያን ወፍራም ክር ሲነካው የሆነውን ሲነግረኝ፣ «ከበሮ ሁኖ ዜማ ያለው መሰለኝ» ነው ያለኝ።

ለጥቂት ጊዜ ሁለቱንም ይዞ ነበር። ቀን ኪነት፣ በዋዜማው ማኅሌት። አንድ ዋዜማ ላይ ከበሮውን አንግቶ ሊመታ ሲል፣ የኔታ ከመዘምራኑ መሀል ጠጋ አሉና በለሆሳስ፣ «አኑረው» አሉት። አልጮኹም፣ አልረገሙትም። አኑረው ብቻ። አኖረው። ከዚያ ቀን ወዲህ ከበሮ ነክቶ አያውቅም።

ተጣሉ እንዳልል አልተጣሉም። በዓል በመጣ ቁጥር ዳባት ይወርዳል፣ ጉልበት ይስማል፣ የኔታም ይመርቁታል። ስለ ጤናው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ገብሱ ይጠይቁታል። ስለ ሥራው ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቀውት አያውቁም። ጌጡ ባስ ጊታር የሚባል ነገር በዓለም ላይ እንደሌለ አድርገው ነው የሚያወሩት። በሰርግ ላይማ ወጉ የታወቀ ነው፤ ካህናቱ በልተው፣ ጠጥተው፣ ሙሽሮቹን መርቀው ይነሣሉ፤ እነሱ ከዳሱ ሲወጡ ነው እኛ ጃካችንን የምንሰካ። ዳባት በተጫወትን ቁጥር አያ ጌጡ ስፒከሩን ተደግፎ የነጭ ጋቢ ጀርባ ከዳሱ ሲወጣ ያያል። ወደ ደባርቅ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ፣ «ዛሬም ጀርባቸውን አየሁት» ይለኛል። ሌላ ነገር አይጨምርም።

ፈልጎት የኖረው አንድ ነገር ነው፤ አባቱ እንዲሰሙት። እንዲያደንቁት አይደለም። አንድ ጊዜ ቆም ብለው፣ ይኼ ልጅ ያስተማርሁትን ሜዳ ላይ አልጣለውም እንዲሉለት። እኛ ለጭፈራ ስንጫወት፣ እሱ ለአንድ ሽማግሌ ጀርባ ነበር የሚጫወት።

ባሱ ኪነቱ ሲፈርስ ከመጋዘን ለምኖ ያወጣው ነው። ሁዳዴ ሲገባ በነጠላ ጠቅልሎ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል፤ እስከ ፋሲካ አይነካውም። በጾም ሰርግ ስለሌለ እኔም ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ ዝንብ ነው የማባርር፤ ግን እኔ ቢያንስ ልብስ ሳጥብ አንጎራጉራለሁ። እሱ ልምምድ እንኳ አይልም። «አያ ጌጡ፣ ባስ ጊታር ሥጋ ነው እንዴ?» አልሁት አንድ ቀን። «በሁዳዴ ከበሮ ይጾማል፣ ጸናጽል ይጾማል፤ መቋሚያ ብቻ ነው የሚቀር። እሱ ማን ሁኖ ነው የሚበላ?» አለኝ። ከማኅሌት ከወጣ ስንት ዘመኑ፤ ሕጉን ግን ከመዘምራኑ አጥብቆ ይዞት ነበር።

ባሱ የተበላሸው የቅበላ ሰሞን በተጫወትነው በመጨረሻው ሰርግ ላይ ነው። ድምፁ ይመጣል፣ ይጠፋል፣ እንደ ንብ እምም ይላል። ሞላ ከፈተውና፣ «ማግኔቱ ነው» አለ። ሙያተኞቹ ፒካፕ ይሉታል፤ መኪናውን እንዳይመስላችሁ። ከክሮቹ ሥር የተቀበረች ጥቁር ሳጥን ናት፤ ውስጧ ማግኔት አለ፣ ማግኔቱ ላይ ከጸጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል። ክሩ ሲርገበገብ የምትሰማው እሷ ናት፤ የሰማችውን ለስፒከሩ የምትነግረውም እሷ ናት። የአያ ጌጡዋ ሰፊና ወፍራም ነበረች፤ የደባርቅ እርጥበት ሽቦዋን በልቶት እንደ ደረቀ ሣር እጃችን ላይ ተሰባበረ።

ጊዜው ደግሞ ክፉ ነበር። ከፋሲካ በኋላ የእህቱ ልጅ፣ የየኔታ የልጅ ልጅ ማለት ነው፣ ዳባት ውስጥ ልታገባ ቀን ተቆርጧል። የኔታ በክብር ቦታ ይቀመጣሉ፣ ዳሱ የተጣለው ከቤታቸው ብዙም ሳይርቅ ነው። አያ ጌጡ ይህን ሰርግ ከሙሽራዋ ይልቅ ይጠብቀው ነበር። «ሲነሡ ነው የምጀምር» አለን። «ለማኅሌት አይደለም፣ ለዘፈንም አይደለም። እሳቸው ያስተማሩኝን የወረቡን የከበሮ አመታት በባሱ እመታዋለሁ። አመታቱን ብቻ፤ ቃሉን አልነካም። በር ላይ ሳሉ ይሰሙታል። ዞር ካሉ ይበቃኛል።»

ስለዚህ ማግኔት መምረጥ ነበረብን፤ በሁዳዴ። ሙሽራ በሌለበት ሱቄ ውስጥ ሦስታችን ተሰብስበን የተከራከርነውን ክርክር መቼም አልረሳው። ምርጫው ሁለት ነበር። አንደኛው ጎንደር የሚኖር የአያ ጌጡ ወዳጅ፣ እሱም ባስ ተጫዋች፣ ከተሰበረ ባስ ላይ የነቀለው አሮጌ ማግኔት ነው፤ እንደ ድሮው ሰፊ፣ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ የሚገባ። ሁለተኛው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የሚላክ አዲስ ጥንድ ነው፤ ረጃጅምና ቀጫጭን፣ አንዱ ከእጀታው በኩል፣ አንዱ ከታች ክሮቹ ከሚታሰሩበት አጠገብ የሚቀመጥ። እሱን ለማስገባት እንጨቱን በመሮ መፈልፈል ያስፈልጋል።

ሞላ ስልኩን አውጥቶ፣ «እንስማቸዋ! ሁለቱንም የሞከሩ ሰዎች ቪዲዮ አለ» አለ። ገና አንድ ድምፅ ሳይወጣ አያ ጌጡ ስልኩን በመዳፉ ከደነው።

«ሁዳዴ ነው። ዝጋው።»

«አያ ጌጡ፣ ዘፈን አይደለም እኮ፣ ሙከራ ነው!»

«ሙከራስ ቢሆን? ሽሮው ውስጥ ቅቤ ለሙከራ ይጨመራል?»

ሳቅሁ። ሞላ ግን አልሳቀም። «ሳትሰማ በምን ትመርጣለህ?»

«እጠይቃለሁ» አለ። እውነትም ጠየቀ። ለጎንደሩ ወዳጁ ደወለለት፣ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ፣ «በቃልህ ንገረኝ» አለው። ሰውየው ትንሽ አሰበና፣ «ወፍራሙ ጭቃ ነው። ቀጫጭኖቹ ብርጭቆ ናቸው» አለ። እንግዲህ ያ ሁሉ ነገር በነዚህ ሁለት ቃላት ተወሰነ። ስልኩን ሲዘጋ አያ ጌጡ ብዙ አሰበ። የሙሽራ ወገብ የምለካበትን ሜትር ከአንገቴ ላይ አውርዶ በክሮቹ መካከል ያለውን ርቀት ለካ፣ ከቬሎ ካርቶን ላይ የማግኔቱን ልክ ቆረጠ፣ ባሱ ላይ አስቀምጦ አየው፤ ክሩን ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልነካም። በጥጥ እንደያዘው ቁስል ነበር የሚጠነቀቅለት።

«የኔታ ጆሯቸው ደክሟል» አለ በመጨረሻ። «በጥር ስሄድ እንዴት ዋሉ ያልኋቸውን ደግሜ ስላቸው ነው የሰሙኝ። ጭቃ ጭቃውን ምኑን ይሰሙታል? ድም ድም የሚል ነገር ይሆንባቸዋል እንጂ። አመታቱ አንድ በአንድ ጠርቶ መውጣት አለበት። ብርጭቆው ይሁን።»

እኔም ብርጭቆው ይሁን ባይ ነበርሁ፤ ያ ወፍራም ድምፅ ድምፄን ይውጥብኝ ነበር። ሞላ ብቻ፣ «አንዴ ከተፈለፈለ መመለስ የለም። ከፋሲካ በኋላ ሰምተህ ብትወስንስ?» አለው።

«ከፋሲካ በኋላማ ሰርጉ ደረሰ። ዕቃው መቼ ይመጣል?» አለ አያ ጌጡ። እውነቱን ነበር፤ መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል አንድ ቀን ይዘጋል።

ዕቃው በሁዳዴ መጨረሻ መጣ። ሞላ እንጨቱን ፈለፈለ፣ እርሳሱን አቅልጦ ሽቦዎቹን አገናኘ፣ የድሮውን ሰፊ ጉድጓድ በቁራጭ እንጨት ሞላው። ጃኩ አጠገባችን ነበር፣ መብራትም ነበር፤ ሰክቶ አንድ ጊዜ ቢነካው ኖሮ ሁሉንም ባወቀ። አያ ጌጡ ባሱን ተቀበለና በነጠላው ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ሄደ። በፋሲካ ማግስት ሊሰማው ሲሮጥ መጣ፤ መብራት ጠፍቷል። በነጋታውም የለም። ሳምንቱን ሙሉ ደባርቅ ጨለማ ውስጥ ከረመች። ሞላ «በጾሙ መብራቱ ነበረ፤ በፍስኩ እሱ ጾመ» እያለ ሲያሾፍ አያ ጌጡ እንኳ ስቋል። አዲሱን ማግኔት ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማነው እዚያው ሰርጉ ላይ፣ በጀነሬተር ነው።

ዳባት ያን ቀን ነፋሻ ነበር፤ የዳሱ ሸራ ይርገበገባል። የኔታ ላቀው ከካህናቱ መሀል ተቀምጠዋል፣ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው መሀል አድርገው። በሉ፣ ጠጡ፣ የልጅ ልጃቸውን ራስ ይዘው መረቁ። ከዚያ እንደ ወጉ ተነሡ። አያ ጌጡ የግራ ጫማውን አወለቀ። ሞላ ጀነሬተሩን ለሚያስነሣው ሰው በእጁ ምልክት ሰጠ፣ ጃኩ ተሰካ፤ አያ ጌጡ ወረቡን ጀመረ።

እውነትም ብርጭቆ ነበር። እያንዳንዱ ምት ተለይቶ፣ ጠርቶ፣ እንደ ክራር ኩልል ብሎ ወጣ። አጠገቤ የቆሙት ሴቶች፣ «እንዴት ያምራል!» ሲሉ ሰማሁ። የኔታ በሩ ላይ ደርሰው ነበር። ቆም አሉ። እኔም፣ ሞላም፣ አያ ጌጡም ያየነው እሳቸውን ብቻ ነው። ጋቢያቸው ወርዶባቸው ኖሮ ወደ ትከሻቸው መለሱት፤ ጃንጥላቸውን ከደገፋቸው ልጅ ተቀበሉ፤ ሳይዞሩ ወጡ።

አያ ጌጡ አላቋረጠም። ወረቡን ጨርሶ ወደ ጭፈራው ገባ፣ እኔም ዘፈንሁ፤ ሰርጉም ደመቀ። ግን አንድ ነገር አየሁ። በሁለተኛው ዘፈን መሀል ጎንበስ ብሎ የግራ ጫማውን አነሣና መልሶ አደረገው። በኖርንበት ዘመን ሁሉ እንዲህ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም። ስንመለስ፣ «ምነው በረደህ?» አልሁት።

«መሬቱ ዝም አለኝ» አለ። «ድምፁ ላይ ላዩን ነው የሚሄድ።»

«ሰው ግን ወዶታል።»

«እሱማ ወዶታል» አለና በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከተ። ከዚያ ቀን በኋላ ሁልጊዜ በሁለት ጫማው ነበር የሚጫወት። ወደ ድሮው እንመልሰው እንዳንል እንጨቱ ተፈልፍሏል፣ የጎንደሩም ማግኔት ለሌላ ሰው ሄዷል። ዳባት ውስጥ ከዚያም በኋላ ብዙ ሰርግ ሠራን። ጀርባቸውን ማየቱንም ቀስ በቀስ ተወው።

በመስቀል ሰሞን እኔም ከጎንደር ልብስ ገዝቼ ስመለስ ዳባት ላይ አገኘሁትና አብረን የኔታ ቤት ገባን። ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለች አሮጌ የጭቃ ቤት ናት። መደቡ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሰላምታው አለቀ፣ ገብሱ ተወራ። ከዚያ የኔታ የልጃቸውን ጣቶች ይዘው ያገላብጡ ጀመር።

«እጅህን ያምሃል እንዴ፣ ልጄ?» አሉት።

«ኧረ ደኅና ነኝ የኔታ። አያመኝም።»

«አያምህም?»

«ምንም አያመኝም።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉና እጁን ለቀቁት። አያ ጌጡ ውጭ ስንወጣ፣ «አረጁ። ደግሞ እጅ ይጠይቁኝ ጀመር» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ያመመው እጁን አልነበረም፤ ሆዱን ነበር። በሽታው ጊዜ አልሰጠውም። ከሞተ በኋላ ሰው ሁሉ በስልኩ የቀዳውን የሰርግ ቪዲዮ እየላከልኝ፣ «ይኸው አያ ጌጡ» ይለኛል። እከፍተዋለሁ፤ ከኋላ ቆሞ ጣቶቹ ሲንቀሳቀሱ አያለሁ። የሚሰማው ግን እኔ ነኝ። ስልክ ያን የድሮውን ወፍራም ድምፅ መያዝ አይችልም፤ ማንም ደግሞ በደንብ ልቅዳው ብሎ አላሰበም። እንዲህ ያለ ድምፅ ይዘን ኖረን፣ አንድ ቀን እንኳ ሳናስቀረው መቅረታችን ያንገበግበኛል።

የተቀበረው ዳባት፣ አባቱ ባገለገሉበት ደብር ነው። በአርባው ከሞላ ጋር ወረድን። ሰዉ በልቶ ሲበተን የኔታ ከመደባቸው ላይ ሆነው በእጃቸው ጠሩኝ። ሞላም ተከትሎኝ መጣ።

«ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ። ከሱ ጋራ ትዘፍኚ የነበርሽ አንቺ ነሽ አይደል?»

«አዎ የኔታ።»

«ያንቺ ድምፅ አይደርሰኝም ነበር» አሉ። «ባለመድረሱም ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽሽም። ቃሉ የዘፈን ነውና። የሱ ግን ይደርሰኝ ነበር።»

ምን እንደሚሉ አልገባኝም። የኔታ መቋሚያቸውን መሬት አስያዙና አገጫቸውን አሳረፉበት።

«ከዳሱ ወጥቸ እመጣና እዚህ መደቤ ላይ እንዲህ እቀመጣለሁ። ጆሮዬማ ደክሟል። በመሬት ነው የሚመጣ፤ በመቋሚያዬ ይገባል። ድም... ድም... ይላል። መዝጊያው ላይ ሲደርስ ዝግ ይላል። ያኔ ይኼ የኔ ልጅ ነው እላለሁ። በሕፃንነቱ ስለዚያ መዝጊያ ስንቴ ተቆጥቸዋለሁ መሰለሽ! እንቢ አለ። እስክትጨርሱ ድረስ እንዲሁ ተቀምጨ እሰማዋለሁ። ማንም አያውቅብኝም።»

ሞላ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። እኔ ገና እየገባኝ ነበር።

«የዚያች የልጅ ልጄ ሰርግ ዕለትም መጥቸ ተቀመጥሁ» አሉ የኔታ። «ዝም አለ። ሰዓቱ ሄደ፣ ምንም የለም። በሷ ሰርግ እንኳ ተነሥቸ ስለወጣሁበት ተቀየመኝ አልሁ። በሚቀጥለውም ሰርግ ጠበቅሁት፤ የለም። በኔ የተነሣ እጁን ሰበሰበ አልሁ። መሪጌታ ነኝ፣ እሰይ ማለት ይገባኝ ነበር። እሰይ አላልሁም፣ ልጄ። አዘንሁ። ግን ምን ብየ ልጠይቀው? ለምን አትዘፍንም ይባላል? መስቀል ለት ስትመጡ እጅህን ያምሃል እንዴ አልሁት። አያመኝም አለኝ። ከዚያ ወዲያ መጠየቂያ አጣሁ።»

ዝም ብል እንደሚሻል አስቤ ነበር፤ ግን ልጃቸው ተቀይሞኝ ሞተ ብለው እንዴት ይቅሩ?

«አልተወም የኔታ» አልሁ። «እስኪወድቅ ድረስ ተጫውቷል። ያን ቀንም ተጫውቷል፤ እርስዎ ከበሩ ሳይወጡ የጀመረው እርስዎ ያስተማሩትን ወረብ ነው። የባሱን ማግኔት፣ ድምፁን የሚይዘውን ዕቃ፣ ቀይሮት ነው። ወፍራሙን አውጥቶ ቀጭን አስገባበት፤ ቀጭኑ በመሬት አይሄድም።»

«ስለ ምን ቀየረው?»

ሞላን አየሁት። እሱ መሬት መሬት ያያል።

«ለእርስዎ ብሎ ነው የኔታ። ጆሯቸው ደክሟል፣ አጥርተው ይስሙኝ ብሎ።»

የኔታ አገጫቸውን ከመቋሚያው ላይ አንሥተው በምትኩ ግንባራቸውን አሳረፉበት። ውጭ ሰዎች ወንበር እየሰበሰቡ ነበር። የተኙ መስሎኝ ልነሣ ስል ነው የተናገሩ።

«እኔማ» አሉ፣ «እሰማው ነበር።»